አርባ ዓመት ያለ ጥገና

በአንድ ወቅት፣ የሊማሊሞ መንገድ አስፋልት ሳይለብስ፣ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር። መጀመሪያ «ጉሙ ተነሥቷል?» ይላል። ቀጥሎ «የምትወርደው ጎሿ ናት?» ይላል። ለሁለተኛው «አዎ» ከተባለ፣ የመጀመሪያውን መልስ ሳይጠብቅ ይሳፈራል።

ጎሽ የመኪና ስም ነው። ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ወገቧ ረጅም፣ አፍንጫዋ ላይ ሁለት የብረት ቀንድ ያላት መኪና ናት። «ጎሽ አይበላሽም» የሚለው ቃል በዚያ አገር ከአባት ለልጅ ይወርድ ነበር። ዘጠና ዓመት አልፎት ገበያ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ሲያዩ «ይኸ ደግሞ ጎሽ ነው» ይላሉ። ስም አንዴ ከወጣ በኋላ ባለስሙ መሥራት አያስፈልገውም፤ ሌላው እየሠራለት ይኖራል።

የደባርቋ ጎሽ የአቶ ጓንጉል ነበረች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ነዷት። ሰዉም በፈረስ ስም እንደሚጠራ የድሮ ጌታ «አባ ጎሽ» አላቸው።

ከመንገዱ ዘጠነኛው ጥምዝ ላይ፣ በገደሉ አፍ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በአንድ ነሐሴ አባ ጎሽ ጢም ያለ ተሳፋሪ ጭነው ሲወርዱ፣ ድንጋዩ ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቆሞ እጁን አነሣላቸው። ቦታ የለም ብለው አለፉት። ሲመለሱ ሰውየው የለም። ጋቢው ብቻ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ በጉም ርሷል። የእኛ ሰው ነው ብሎ የመጣ ዘመድ አልነበረም። ቦታው ግን «የጋቢው ጥምዝ» ተብሎ ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባ ጎሽ እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ። ወርደው የኋላውን በር ይከፍታሉ። አንድ ሰው ወጥቶ የሚቀመጥበትን ያህል ይጠብቃሉ፤ ይዘጋሉ፤ ይነዳሉ። ከኋላ የመጨረሻዋን ወንበር እስከ ዕለተ ሞታቸው ለማንም አልሰጡም።

ሊሞቱ ሲሉ ሦስት ልጆቻቸውን አስጠሩ። ታላቁ አጣናው ነው፤ መካከለኛው ማንደፍሮ፤ ታናሿ ብርነሽ።

«ጎሿን አትከፋፍሏትም፤ በሬ አይደለችም» አሉ። «ሰባት ዓመት አብራችሁ ብሉባት። በሰባተኛው ዓመት ተዝካሬ ላይ፣ በሕይወት ያቆያት ይውሰዳት። ዋሴ ይፍረድ።»

ዋሴ ያሏቸው ሃምሳ አለቃ ዋሴ ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ ናቸው። በሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎታቸው አባ ጎሽን የቀጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊሽካቸው አልጮህ ብሎ አባ ጎሽ ስለ ሳቁባቸው ነው።

ይህን ታሪክ ከሁሉ አብልጦ የኖረው መካከለኛው ልጅ ማንደፍሮ ነው። ማንደፍሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ድረስ ምህንድስና ተምሯል። እዚያ ሳለ ያለ ነዳጅ ከጉድጓድ ውኃ የሚስብ ፓምፕ ነደፈ። ንድፉን ለመምህሩ አሳየ። በዓመቱ ንድፉ ተሸለመ፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን የመምህሩ ስም ነበር። ማንደፍሮ ሄዶ «የእኔ ነው» አለ። ሥነ ሥርዓት ጥሰሃል ተብሎ ተባረረ። ፓምፑ እስከ ዛሬ ውኃ ይስባል ይባላል፤ የሚስበው በሌላ ሰው ስም ነው። ማንደፍሮ ደባርቅ ተመልሶ በአባቱ ግቢ ጓሮ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ መካኒክ ሆነ። ስለዚያ ነገር አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ ግን መፍቻ በጨበጠ ቁጥር ጥርሱን ይነክስ ነበር።

አባ ጎሽ ተቀብረው አርባቸው ከወጣ በኋላ መሪውን አጣናው ያዘ። አጣናው ደረተ ሰፊ፣ ቀልደኛ፣ ከሙታን ጋር ጉዳይ የሌለው ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን የኋላዋን ወንበር ለአንዲት ቅቤ ነጋዴ ሰጠ።

«ኧረ አጣናው፣ ያባትህን ቃል!» አሉት ተሳፋሪዎቹ።

«ያ ሰውዬ ይኸን ጊዜ በእግሩ ሱዳን ገብቷል፤ ተዉት» አለና ነዳ።

ዘጠነኛው ጥምዝ ላይ ሞተሩ ዝም አለ። አጣናው ፍሬን አልነካም፤ ማርሽ አልነካም። ጎሿ በራሷ ቀስ ብላ ድንጋዩ አጠገብ ቆመች። የኋላው በር ተከፈተ። ጉም ገባ። አንድ ሰው ወጥቶ፣ ጋቢውን ሰብስቦ የሚቀመጥበትን ያህል ጊዜ አለፈ። በሩ ተዘጋ። ሞተሩም ቁልፍ ሳይዞር ተነሣ።

ቅቤ ነጋዴዋ ዛሪማ ስትወርድ ግራ ትከሻዋ እስከ ክንዷ ርሶ ነበር።

«አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ምን ነካው? አፈር አፈር ይላል» አለች።

አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

አጣናው ቤት ሲመለስ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። ወደ ማንደፍሮ ዳስ ሄዶ ቆመ።

«እስቲ ካርቡራተሩን እየው።»

«ምን ሆነ?»

«ቆመች።»

«የት ላይ?»

አጣናው እጁን ሲያሻሽ ማንደፍሮ ጥምዙ ላይ መሆኑ ገባው። ደስም አለው፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ አለው። በሕይወቱ ውስጥ ያለ ምክንያት የተደረገበት ብዙ ነው። ይኸ ግን ብረት ነው። ብረት ያለ ምክንያት አይቆምም፤ ምክንያቱ ከአንዱ እቃ ውስጥ ተቀምጧል። ፈልጎ ያወጣዋል።

«እሑድ አምጣት» አለ።

«እሺ። ግን ኮፈኗ ተከፍቶ ሰው እንዳያይብኝ። ጎሽ ተበላሸች ከተባለ ከነገ ወዲያ የሚሳፈር የለም።»

እንዲህ ሆነና ሥራው እሑድ እሑድ፣ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ሆነ። ዳሱ በማዳበሪያ ከረጢት ስለተጋረደ ውስጡ ይጨልማል፤ ብርነሽ ፋኖስ ትይዛለች። ማንደፍሮ ካርቡራተሩን ቀየረ። ሰኞ ዕለት ጎሿ ጥምዙ ላይ ቆመች። ቤንዚን ፓምፑን ቀየረ። ቆመች። ካንዴላውን፣ ኮይሉን፣ ዲናሞውን፣ ገመዱን ሁሉ ቀየረ። ቆመች። በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ ተነሣች።

የሚገርመው ይኸ ነገር ስሟን አላጠፋውም። ተሳፋሪው «ጎሿ ትሳለማለች» ማለት ጀመረ። ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ሴቷ ነጠላዋን ታጣፋለች። የኋላዋን ወንበር የሚደፍር ሰው ስለጠፋ ዳግመኛ ባዶዋን መሄድ ያዘች። በየመንደሩም «መንገድ አክባሪ መኪና» እየተባለ ዝናዋ ጨመረ።

ማንደፍሮ ግን አላቆመም። መኪናዋ የምትቆምበትን ምክንያት ሲያሳድድ ዓመት ዓመትን ወለደ። አዲስ መለዋወጫ በዚያ አገር ስለማይገኝ ገደል የገቡ ጎሾችን እየተከተለ በገመድ ይወርዳል፤ የሚሆነውን ፈትቶ በአህያ ያስወጣል። አንድ ጊዜ ከአዲ አርቃይ በላይ ከወደቀች ጎሽ መሪ ፈትቶ አመጣ። መሪው ሁለት ቦታ ላይ ተጠፍጥፎ ነበር፤ ማንደፍሮ እጁን ቢያሳርፍበት አሥሩም ጣቶቹ ልክክ አሉ። ሹፌሩ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም ኖሯል። ማንደፍሮ መሪውን በጨርቅ ጠቅልሎ ገጠመው።

ለመካኒኮች አንድ ሕግ አለ፤ የተፈታ እቃ ለባለቤቱ ይመለሳል። ባለቤቱ እቃው በእርግጥ እንደተቀየረ በዓይኑ ይይ ተብሎ የቆመ ሕግ ነው። አባ ጎሽ ይህን ሕግ አጥብቀው ይዘው ስለነበር ማንደፍሮም አልተላለፈውም። እሑድ ማታ ያወጣውን እቃ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ለብርነሽ ይሰጣታል። እሷም በጨርቅ ጠርጋ፣ አፉን አስራ፣ ትወስዳለች።

«ምን ያደርግልሻል?» አላት አንድ ቀን።

«አባዬ የነካው ነው።»

«ቆሻሻ ነው።»

«ለአንተ ነዋ» አለችና ከረጢቱን ተሸክማ ወጣች።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ቁልቁለቱ መሀል፣ የፍሬኑ ቧንቧ ፈነዳ። ቧንቧው ማንደፍሮ ከገደል ያወጣው ነው። አጣናው አሥራ አንድ ሰው ጭኗል፤ ከእነሱም አንዷ ምጥ የያዛት ሴት ናት። አጣናው ማርሹን በጉልበት አንደኛው ላይ ዶለና ጎሿን ከተራራው ግድግዳ ጋር እያፋጨ ሦስት ጥምዝ አወረዳት። እሳት እየተፋች፣ ግራ ጎኗ ተገሽልጦ፣ ቆመች። ሴትዮዋ ዛሪማ ደርሳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የአጣናው ሁለት ጣቶች አጥንት ግን ተሰብሮ ጠምሞ ቀረ።

ዛሪማ ላይ ሰዉ ከበባቸው። «ጎሽ ስለሆነች ነው የተረፋችሁት! ሌላ መኪና ቢሆን ይኸኔ የለቅሶ ድንኳን ተጥሏል!» አለ። አጣናው የተሰበረ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ «እንዴታ» አለ። ፍሬን ፈነዳ ብሎ ለማንም አልተናገረም፤ የወንድሙንም ስም አላነሣም። ማንደፍሮ ይህን ሲሰማ ማመስገን ፈለገ፤ አፉ አልታዘዘለትም።

የተገሸለጠውን አካል፣ ቀጥሎም ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ በመጨረሻም ሻንሲውን ቀየረ፤ የወጣውንም እንደ ልማዱ ለብርነሽ ተወላት። በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ከአባ ጎሽ መኪና የቀረ አንድ ብሎን አልነበረም። ከሰሌዳ ቁጥሯና ከስሟ በቀር ሁሉም ከገደል የወጣ ነው። ይህን በጨረሰ ማግስት፣ ሰኞ፣ ማንደፍሮ ራሱ ተሳፍሮ ወረደ። ዘጠነኛው ጥምዝ ላይ ሞተሩ ዝም አለ፤ በሩ ተከፈተ፤ ብርዱ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ። ማንደፍሮ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ሲፈልግ እንደኖረ ጠፋበት።

ተዝካሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ መጣ። ጎሾችን የሚያስመጣው ድርጅት ወኪል ነው፤ ስሙ ባሮክ። ዝናዋን ሰምቷል። ድርጅቱ አሮጌዋን ወስዶ በመስተዋት ቤት ሊያቆማት፣ ለባለቤቷም አዲስ ጎሽ ሊሰጥ ይፈልጋል። ከመስተዋቱ ሥር የሚተከለውን የነሐስ ሰሌዳ ጽሑፍ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይዞ ነበር። ሦስቱ የአባ ጎሽ ልጆች ሃምሳ አለቃ ዋሴ ባሉበት ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ ጽሑፉን አነበበላቸው።

«የደባርቋ ጎሽ። አርባ ዓመት ያለ ጥገና።»

«ያለ ምን?» አለ ማንደፍሮ።

«ያለ ጥገና።»

«ማን ነገረዎት?»

«አገሩ ሁሉ የሚያወራው አይደለም እንዴ?»

ማንደፍሮ ዘይት የገባባቸውን እጆቹን ዘርግቶ አሳየው። ጥፍሮቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው።

«እነዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር? አዲሱን መኪና አልፈልግም። ያ ሰሌዳ ላይ ግን ‹የጠገናት ማንደፍሮ ጓንጉል ነው› ተብሎ ይጻፋል።»

«ተው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አለ አጣናው። «ተበላሽታ ነበር ካልክ ማን ይፈልጋታል? እኔ እበላባታለሁ፤ ልጆች አሉኝ። አዲሷን ካገኘሁ መንገዱ ላይ እቆያለሁ።»

«አንተማ ዝናውን ትጋልባለህ!»

«የጋለብኩት በየትኛው እጄ ነው?» አለና አጣናው ጠማማ ጣቶቹን አነሣ። ማንደፍሮ ዓይኑን ሰበረ።

እስከዚያ ድረስ ያልተናገረችው ብርነሽ ተነሣች።

«እንግዳው ለማየት ከመጡ፣ ጎሿን ይዩዋት» አለች።

«ያቻት እደጅ ቆማ!» አለ አጣናው።

«እሷን አይደለም።»

ከብቱ ካለቀ ወዲህ ማንም ገብቶበት ወደማያውቀው በረት ወሰደቻቸው። በሩን ከፈተች። ውስጥ ጎሽ ቆማለች። ቀለሟ የድሮው አረንጓዴ ነው። አንድ ቀንዷ ጎደሎ ነው፤ አባ ጎሽ በ‹አትቀድመኝም› ጠብ ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ሲጋፉ የሰበሩት ነው። ወንበሯ አባታቸው በሠላሳ ሦስት ዓመት የጎደጎዱት ጉድጓድ አለው።

«ይኸ... እኔ የጣልኩት ነው» አለ ማንደፍሮ።

«አዎ። ካርቡራተሩ ደህና ነበር። ፓምፑም ደህና ነበር። መቆሟን ስታሳድድ ያልታመመውን ሁሉ አወጣህ። የተሰነጠቀውን አስበየድኩ፤ የጎበጠውን አስመታሁ፤ የቀረውን እንደነበረ አጋባሁት።»

«ማን አስተማረሽ?»

ብርነሽ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

«ሰባት ዓመት ፋኖስ የያዘልህ ማነው? አንድ ቀን ዞር ብለህ ፊቴን አይተህ ታውቃለህ፣ ወንድም ጋሼ?»

የፋኖሱ ብርሃን ሁልጊዜ ማንደፍሮ በሚፈልገው ብሎን ላይ ያርፍ ነበር፤ ሳይናገር። ይህን አሁን ነው ያሰበው።

ብርነሽ ገብታ ቁልፉን አዞረች። አሮጌዋ ጎሽ ሁለት ጊዜ ሳለችና ተነሣች። በዚያው ቅጽበት፣ ከግቢው ደጃፍ፣ የሌላዋ ሞተር ተነሣ። አጣናው ኪሱን ዳሰሰ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

አቶ ባሮክ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሃምሳ አለቃ ዋሴ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ሁለት መኪና ለአንድ ሰሌዳ አይቼ አላልፍም» አሉ። «በተዝካሩ ቀን ሁለቱም ወደ ጥምዙ ይምጡ። አጣናው ከታች ይወጣል፤ ብርነሽ ከላይ ትወርዳለች። ማንደፍሮ ከእኔ ጋር ድንጋዩ ላይ ይቆማል። የምትቆመዋ እሷ ናት ጎሿ።»

በተዝካሩ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጉም ገደሉን ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ሃምሳ አለቃ ዋሴ፣ ማንደፍሮና አቶ ባሮክ ድንጋዩ አጠገብ ቆሙ። እርስ በርስ ለመተያየት እንኳ ይቸገሩ ነበር። ከላይ የአንዷ፣ ከታች የሌላዋ ድምፅ ተሰማ። ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ሰው በገደል ራሱን ጠርቶ ራሱ የሚመልስ ይመስላል።

ሁለቱም መጡ። ሁለቱም ሞተር በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ሁለቱም ድንጋዩን መሀል አድርገው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ፣ ቆሙ።

የብርነሽ ጎሽ የኋላ በር ተከፈተ። የአጣናው ጎሽ የኋላ በር ተከፈተ።

ከዚያ ጠጠር ሲረገጥ ተሰማ። የአንድ ሰው እርምጃ ነው። ከገደሉ በኩል መጣ። ወደ አንደኛዋ ሄደና ቆመ። ተመለሰ። ወደ ሌላዋ ሄደና ቆመ። ተመለሰ። ማንደፍሮ እርምጃዎቹን ሲቆጥር ወደ እሱ እየመጡ መሆናቸውን አወቀ። ፊቱ ድረስ መጥተው ቆሙ። እርጥብ ጋቢ ሸተተው። የሚያየው ጉም ብቻ ነው፤ ጉሙ ግን እንደ ትንፋሽ ይገባ ይወጣ ነበር።

ምን ያህል እንደቆየ የተናገረ የለም። ሁለቱ በሮች በአንድ ድምፅ ተዘጉ። ሁለቱም ሞተሮች ተነሡ። ጠጠሩ ላይ ዳግመኛ የተሰማ እርምጃ አልነበረም፤ የሄደበትን ያወቀ ሰውም የለም።

አጣናውና ብርነሽ ወርደው መጡ። ሃምሳ አለቃ ዋሴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። የመኪናዋን ሊብሬ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። የአባ ጎሽ ስም በድሮ ቀለም ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው የአዲስ ባለቤት መስመር ባዶ ነው።

«ተናገሩ» አሉ። «አጭር ይሁን፤ ብርድ ነው።»

አጣናው እንዲህ አለ፦ «መኪና የሚኖረው ሲነዳ ነው። ሰባት ዓመት በዚህ ገደል አፍ ላይ አንድ ቀን ሳልቀር ነዳኋት። ተሳፋሪዎቼን በእነዚህ ጣቶች አተረፍኩ። እኔ ባልነዳት የእነሱ እቃ የብረት ክምር ነው።»

ማንደፍሮ እንዲህ አለ፦ «አጣናው የሚነዳትን ያገኘው እኔ ስለጠገንኩለት ነው። ብርነሽ የምትሰበስበውን ያገኘችው እኔ ስለፈታሁላት ነው። ከሁለቱም መኪኖች ውስጥ እጄ ያልገባበት ብሎን የለም። አንድም ሰው ስሜን አልጠራም።»

ብርነሽ እንዲህ አለች፦ «አባዬ ‹ጎሿን› አለ እንጂ ‹ሰሌዳዋን› አላለም። እሱ የያዘው መሪ፣ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ያለው እኔ ዘንድ ነው። እናንተ ስም ይዛችሁ ቆያችሁ፤ እኔ እሷን ይዤ ቆየሁ።»

ሃምሳ አለቃ ዋሴ ሁሉንም አዩ።

«አጣናው፣ የአባትህን ቃል በመጀመሪያው ቀን የሰበርክ አንተ ነህ። ማንደፍሮ፣ ደህናውን ፈትተህ በሞተ ሰው እቃ ሕዝብ ያሳፈርክ አንተ ነህ። ብርነሽ፣ ደህና እቃ ሲጣል እያየሽ፣ ሰው በሽባ ፍሬን ሲሄድ እያወቅሽ፣ ሰባት ዓመት ዝም ያልሽ አንቺ ነሽ። ይኸንንም አብሬ እመዝናለሁ።»



አቶ ባሮክ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለድርጅቱ... የትኛዋም ብትሆን ችግር የለም። ጽሑፉ ግን እንዳለ ቢቆይ...»

«አንተ ዝም በል» አሉት ሃምሳ አለቃ ዋሴ። «የሚጻፈውን የሚወስነው እዚህ መስመር ላይ ስሙ የሚገባው ነው።»

ከዚያ ብዕራቸውን አወጡ። ቀለሙ በብርዱ ደርቆ ስለነበር ጫፉን ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ማንደፍሮ የብዕሩን ጫፍ ያያል። የትኛውም ሰሌዳ፣ የትኛውም ሽልማት ከዚያ ጫፍ የበለጠ አልመሰለውም። አጣናውም ያያል። ብርነሽም ታያለች።

ይህን ታሪክ በደባርቅ የሰሙ እስከ ዛሬ ይጣሉበታል። ሹፌሮች ለሹፌሩ ይፈርዳሉ፤ የእጅ ባለሙያዎች ለመካኒኩ፤ ሴቶችና ሽማግሌዎች አብዛኛውን ጊዜ ለእህቲቱ። በየወገኑ ግን ከወገኑ ወጥቶ የሚፈርድ አይጠፋም። እናንተስ ብዕሩን ብትይዙት፣ በዚያ ባዶ መስመር ላይ የማንን ስም ትጽፋላችሁ? ጎሿ የምትገባው ለነዳት ነው፣ ለጠገናት ነው፣ ወይስ ላስቀመጣት?